የጣና ዓሣ የሚወለደው ወንዝ ላይ ነው

ባለፈው እትም «የጣና ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት ዓሣ አይደለም» ብዬ በሁለት መስመር ጽፌ አልፌ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ፣ ሁለት ሦስት ሰውም ተቆጣ። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉ ለጣናና ከተራራ ወደ ጣና ለሚወርዱት ወንዞች ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስም አላወጣሁም። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፣ ወሮቹ ግን የኛው ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ተወልጄ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ነጭ ዓሣ ነጭ ዓሣ ነው። አሥራ ምናምን ዓይነት ነው የምትሉት ከየት መጣ? ቀለሙ ትንሽ ስለሚለያይ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀለሙን ተወው፣ አፉን እይ። በሚቀጥለው ጊዜ ዓሣ የሚሸጥበት ቦታ ስትሄድ አንድ በአንድ አፋቸውን እያየህ እለፍ። አንዱ ወፍራም ከንፈር አለው፣ በድንጋይ መሀል የተደበቁ ትላትሎችን እየመጠጠ የሚያወጣበት ነው። ሌላው ጭንቅላቱ ረዘም፣ አፉ ሰፋ፣ ሰውነቱ ቀጠን ያለ ነው፤ ይሄ ሌላ ዓሣ እያሳደደ የሚበላ ነው። ሌላው ደግሞ ትንሽዬ ነው፣ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነፍሳትን እየለቀመ ይኖራል። የውሃ ሣር የሚበላም አለ፣ ቀንድ አውጣ የሚሰብርም አለ። ገበያ ላይ ሁሉም «ነጭ ዓሣ» ነው የሚባለው። ሳይንሱ ላቤኦባርበስ ይላቸዋል።

አንተ ያልከውን ሳይንቲስቶችም ብለውት ስለነበር አይፈረድብህም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ጣና ድረስ መጥቶ የተወሰኑትን ለየብቻ መዝግቧቸው ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በ1973 የወጣ አንድ ጥናት «ይሄ የአንድ ዝርያ መልክ መለያየት ነው» ብሎ ሁሉንም ጠቅልሎ አንድ አደረጋቸው። ይህን የቀየሩት በ1990ዎቹ ከሆላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው። ዓሣውን እየለኩ፣ ሆዱን እየከፈቱ ምን እንደበላ እያዩ፣ ጥልቁ ላይ ነው ዳር ላይ የሚውለው እያሉ ተከታተሉት። ከዚያ በኋላ ነው አንድ የተባለው ዓሣ ወደ 15 የሚሆን ዝርያ መሆኑ የታወቀው።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ዓሣ በሎቹ ናቸው። ነጭ ዓሣ ከካርፕ ወገን ነው። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ጨጓራም የለውም። እንዲህ ሆኖ የተፈጠረ ዓሣ ሌላ ዓሣ አሳዶ፣ ይዞ፣ ውጦ መኖር ይከብደዋል፣ ስለዚህ በሌላው ዓለም ከዚህ ወገን ዓሣ በል የሚሆነው ጥቂቱ ነው። ጣና ላይ ግን ስምንት ያህሉ ዓሣ በል ሆነዋል።

እንዴት ሆነ ካልከኝ ነገሩ ወዲህ ነው። ከሐይቁ ሥር የወጣው ጭቃ እንደሚያሳየው ጣና ከ16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር። ከዚያ ዝናብ ተመለሰ፣ ሐይቁ ሞላ። አዲስ ውሃ፣ ባዶ ቤት ማለት ነው። የአባይ ዓሣዎች ከታች ወደ ላይ እንዳይመጡ ጢስ ዓባይ አለ፣ ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ 40 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ፏፏቴ። ያንን የሚወጣ ዓሣ የለም። ስለዚህ ከወንዞቹ የገባው ነጭ ዓሣ ቤቱን ብቻውን አገኘው፣ ሌላ አገር በሌላ ዓሣ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ልጆቹ ተከፋፈሉት። አንዱ አዳኝ ሆነ፣ አንዱ ሣር በል፣ አንዱ ነፍሳት ለቃሚ። ጣና ላይ በጠቅላላው 28 ያህል የዓሣ ዝርያ አለ፣ ከነዚህ ወደ 20 የሚጠጉት ከዚህ ሌላ የትም አይገኙም። የምትበላው ዓሣ ከጣና ከጠፋ ከዓለም ጠፋ ማለት ነው። እኔ ይሄን ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብዬ ነው የቀረሁት።

ጥያቄ፦ ዓሣውን ያጠፋው እምቦጭ ነው አይደል? እኛ አዲስ አበባ ሆነን ገንዘብ አዋጥተናል። አረሙ ከተነቀለ ዓሣው ይመለሳል?

መልስ፦ ማዋጣታችሁ መልካም ነው፣ እምቦጩም ጠላት ነው። ዳር ዳሩን ሸፍኖ ብርሃንና አየር ይከለክላል፣ ጀልባና መረብ ያስራል፣ የሌሎቹ የጣና ዓሣዎች፣ የቆሮሶና የአምባዛ፣ ጫጩት የሚያድግበትን ረግረግ ይይዛል። ግን ቀኑን እዩት። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2011 ነው። የነጭ ዓሣው መቀነስ ደግሞ ከዚያ በፊት ተለክቶ ያለቀ ነገር ነው፤ ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሷል። አረሙ ገና ሳይመጣ ማለት ነው። ይበልጥ የተጎዱት ደግሞ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄን ነው። ሁላችንም ሐይቁን እናያለን። ፎቶ የምናነሳው ሐይቁን ነው፣ የምናዝንለትም ሐይቁን ነው። ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ግን ግማሽ ሕይወቱ ያለው ወንዙ ላይ ነው።

ጣናን የሚሞሉት አራት ትልልቅ ወንዞች ናቸው። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ተራሮች ይነሳል፣ ጉማራና ርብ ከጉና፣ መገጭ ከጎንደር በላይ ካሉት ተራሮች። ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከአሥር እጅ ዘጠኙ የነዚህ ነው። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ጣና 1800 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል፣ ስለዚህ ውሃው በአጭር መንገድ ብዙ ይወርዳል። ላይ ላይ ፈጣን፣ ቀዝቃዛና ጠጠራማ ነው። ደንቢያና ፎገራ ሜዳ ሲደርስ ይተኛል፣ ይደፈርሳል።

ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ወንዞቹ ሲሞሉ ለመራባት የደረሰው ነጭ ዓሣ ከሐይቁ ሁሉ ተጠራርቶ ወንዙ ሐይቁ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ይሰበሰባል። ከዚያ ወደ ላይ ይጓዛል። ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና የሄደ ሰው ጉማራንም ርብንም በድልድይ ተሻግሯል፤ ክረምት ላይ ከሆነ ያየው ቡና በወተት የመሰለ ውሃ ነው። ዓሣው በዚያ ድፍርስ ውስጥ ተቃውሞ እየዋኘ ድልድዩን አልፎ ይሄድና ከተራራ የሚወርዱት ትንንሽ ጅረቶች ውስጥ ይገባል። ጥሩ ውሃና ጠጠር ያለው እዚያ ነው። እንቁላሉን በጠጠሩ መሀል ይጥላል። እንቁላሉ እስኪፈለፈል በጠጠሩ መሀል ንጹሕ ውሃ እያለፈ አየር ሊያገኝ ይገባል። ደለል ከተኛበት ታፍኖ ይሞታል። የተፈለፈሉት ጫጩቶች ክረምቱ ሲወጣ ቀስ እያሉ ከውሃው ጋር ወርደው ሐይቅ ይገባሉ። ጉማራ ላይ በተደረገ ጥናት እንዲህ ወንዝ የሚወጡት ሰባት ዝርያዎች እንደሆኑ ታውቋል፣ የየዝርያው ዋና ጊዜም ትንሽ ትንሽ ይለያያል። አንዱ ቀድሞ ይወጣል፣ ሌላው ተከትሎ፣ እንደ ወረፋ።

አሁን መረቡን አስቡት። በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ እስኪገባ ድረስ ጣና ላይ ዓሣ የሚያዘው በአብዛኛው በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ነበር። ሞተር ሲመጣ ሩቅ ቦታም ተደረሰ፣ ዓሣው መቼ የት እንደሚሰበሰብም ታወቀ። ዓመቱን ሙሉ በ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ተበትኖ የሚኖር ዓሣ በሐምሌና በነሐሴ በራሱ ጊዜ አንድ ጠባብ ቦታ ላይ መጥቶ ይቆማል። ሆዱ እንቁላል ሞልቶ። እዚያ ላይ የተዘረጋ መረብ አንድ ሌሊት ብቻ ቢያድር የሚይዘው ዓሣ የዘንድሮ ብቻ አይደለም፣ የሚቀጥሉትን ዓመታት ልጆችም ይዞ ነው የሚወጣው። ነጭ ዓሣ ደግሞ ቶሎ አያድግም፣ እናቶቹ አንዴ ካለቁ ለመተካት ብዙ ዓመት ይፈልጋል።

ስለዚህ እምቦጩ ነገ ጠዋት ሙልጭ ብሎ ቢጠፋ እንኳ ነጭ ዓሣው በዚያ ብቻ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ትንሽ ዓሣ ቤት አለኝ። ጥፋቱ የኔም እንደሆነ እየተሰማኝ ነው። ምን ልግዛ? ምን ልተው? ደንበኛ ጉላሽና ለብለብ ይላል እንጂ የዓሣውን ዘር አይጠይቅም።

መልስ፦ እህቴ፣ መጠየቅሽ ራሱ ደስ ብሎኛል። ዓሣ መሸጥሽን አትተይ። ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በዚሁ ነው።

ቀላሉ ነገር ይሄ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ ነጭ ዓሣ አትግዢ፤ በተለይ ሆዱ ሲከፈት እንቁላል የሞላ ከሆነ ላመጣልሽ ሰው «ይሄን አልፈልግም፣ ቆሮሶ ካለህ አምጣ» በይው። ቆሮሶ ሌላ ነገር ነው። ወንዝ መውጣት አያስፈልገውም፣ እዚያው ሐይቁ ዳር ይራባል፣ እናቲቱ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው፣ ቶሎም ይደርሳል። እሱም ቢሆን ትንንሹን አትግዢ፤ መዳፍ የምታክለውን ከገዛሽ ጠባብ መረብ የሚዘረጋውን ሰው ቀጠርሽው ማለት ነው። አምባዛን ቅርፊት የለውም ብሎ የማይበላ ብዙ ሰው እንዳለ አንቺም ታውቂያለሽ፣ የሚበላው ደንበኛ ግን ካለሽ እሱም ጥሩ ነው።

ሁለተኛው፣ ክረምት ላይ ዓሣውን ፊሌቶ ተደርጎ አትቀበዪ። ሥጋው ከተገፈፈ ቆሮሶ ይሁን ነጭ ዓሣ ማንም አይለየውም። ሙሉውን ይምጣና እዚያው ቤትሽ ይበለት። ነጭ ዓሣን በሙሉው ስታገኚው አጥንቱም ይነግርሻል። «ዓሣ መብላት በብልኀት» የሚለው ተረት የወጣው ለሱ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው የዓሣ ገበያ ሲባል የሚያስበው ዐቢይ ጾምን ነው። ያኔ ዋጋው ይወጣል፣ ነጭ ዓሣው ግን ያኔ ሐይቁ ውስጥ ተበትኖ ነው ያለው። ፍልሰታ ግን ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ናት፣ ልክ ዓሣው ወንዝ በሚወጣበት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እተወዋለሁ። ለሚበላ ሰው ግን በፍልሰታ ነጭ ዓሣ አለማቅረብ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ የፎገራ ገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ይሄን አምድ ሳነብለት «እኛ እኮ በብርብራ ነው የምናጠምደው፣ ከአያት የወረስነው ነው፣ ምን ያጠፋል?» ብሎኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። አባታችን የተናገሩት እውነት ነው፣ የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ላይ መበተን የቆየ ዘዴ ነው። ዓሣው ይደነዝዝና ይንሳፈፋል፣ በእጅ ይለቀማል። ሥጋው ሰውን ስለማይጎዳ ጉዳቱ አይታይም።

ግን ብርብራ አይመርጥም። ትልቁን የሚያደነዝዘው መርዝ ጥፍር የምታክለውን ጫጩት፣ ዓሣው የሚበላውን ነፍሳትም ሁሉ ይገድላል። ከሚንሳፈፈውም ሰው የሚለቅመው ትልቅ ትልቁን ነው፣ ሌላው እዚያው ይቀራል። ድሮ ሰው ጥቂት፣ ዓሣ ብዙ ስለነበር ወንዙ ይችለው ነበር። አሁን ደግሞ በአንድ ወንዝ ላይ የሚደርሰውን ቁጠረው። በበጋ የመስኖ ሞተር ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ይስበዋል፣ አንዳንዱ ቦታ ኩሬ ኩሬ ብቻ ይቀራል፣ የዓሣው ጫጩት እዚያ ኩሬ ውስጥ ነው። ለቤት ሥራ አሸዋና ጠጠር ይዛቃል፣ ጠጠሩ ደግሞ የእንቁላሉ አልጋ ነው። ተራራው ስለታረሰና ስለተራቆተ ክረምት ላይ የሚወርደው አፈር የቀረውን ጠጠር ያለብሰዋል። ርብና ቆጋ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ ቆጋ ብቻ 7000 ሄክታር እንዲያለማ ነው የተሠራው፣ ለገበሬው ጥቅም ነው፣ ማንም አይጠላውም፣ ግን ለዓሣ መተላለፊያ የሌለው ግድብ ለሚወጣ ዓሣ የተዘጋ በር ነው። ብርብራው በዚህ ሁሉ ላይ ሲጨመር ነው የሚከብደው።

አባትህን «ተው» ከምትላቸው እንዲህ በላቸው፦ ከሐምሌ እስከ ኅዳር ወንዙን በብርብራ አይንኩት፣ በጋ ላይም ኩሬ ውስጥ አይበትኑ። መንጠቆ ይጠቀሙ። ኩሬው ላይ ሞተር የሚጥል ጎረቤት ካለም የመጨረሻዋን ውሃ እንዲተዋት ይንገሩት፣ ከኛ ይልቅ እርሳቸውን ይሰማል። በመርዝ ማጥመድ በሕግም የተከለከለ መሆኑን ቀስ ብለህ ንገራቸው፣ ማስፈራሪያ እንዳይመስልባቸው።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከእስራኤል ነው። አያቴ ከደንቢያ ናት። ልጅ ሆና ክረምት ሲገባ ዓሣው ከሐይቁ ወጥቶ በመንደራቸው በኩል ወደ ተራራ ይሄድ እንደነበር ትነግረን ነበር። ተረት ይመስለን ነበር። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። አያትሽ በዓይናቸው ያዩትን ነው የነገሯችሁ። መገጭም ድርማም ደንቢያን አቋርጠው ነው ጣና የሚገቡት፣ ነጭ ዓሣም በሁለቱም ይወጣል። ቅርፊትም ክንፍም ስላለው በኦሪት ሕግ ቤታቸው የሚበላ ዓሣ ነበር ማለት ነው። ከቻልሽ ቁጭ ብለሽ ጠይቂያቸው። በየትኛው ወር፣ የቱ ጅረት ላይ፣ ዓሣው ምን ያህል ነበር፣ በምን ስም ነበር የሚጠሩት። ቅጂልን። ከ1986 በፊት ወንዞቹ ምን ይመስሉ እንደነበር በዓይኑ ያየ ሰው እያለቀ ነው።

ጥያቄ፦ ነጭ ዓሣ ካለቀ ለምን ቶሎ የሚያድግ ሌላ ዓሣ አይጨመርበትም? ጫሞ ላይ ያለው ናይል ፐርች ሰው ያክላል። ሥራ አጡ ወጣትም ይጠቀማል።

መልስ፦ አደራ፣ ይሄ ሐሳብ እንዳይደገም። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በ1950ዎቹ ናይል ፐርች ተጨመረ። ለተወሰነ ጊዜ ገንዘብ አመጣ፣ ግን በዚያ ሐይቅ ብቻ ይኖሩ ከነበሩት ትንንሽ ዓሣዎች በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎች ተበልተው አለቁ። ወደ ጣና የሚቀርበው ግን የፊሊፒንስ ላናው ሐይቅ ነው። እዚያም እንደኛው ከካርፕ ወገን የሆኑ፣ ከዚያ ሐይቅና ከመውጫው በቀር የትም የማይገኙ 17 ዝርያዎች ነበሩ። የውጭ ዓሣ ገባ፣ ማጥመዱም በዛ። በ2020 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15ቱን ጠፍተዋል ብሎ መዘገበ፣ የቀሩት ሁለቱም ምናልባት ጠፍተዋል ተብለዋል። እንዲህ ያለ የካርፕ ወገን ዓሣ ስብስብ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ውስጥ እስካሁን በሕይወት ያለው ጣና ላይ ነው።

ናይል ፐርች በጢስ ዓባይ በኩል ወደ ጣና ሊወጣ አይችልም። የሚገባው ሰው ካስገባው ብቻ ነው። ወጣቱ ይሥራ፣ እሱ ላይ እስማማለሁ። በኩሬ ቆሮሶ ማርባት ይቻላል፣ ግን ዘሩም ከዚያው ከጣና ይሁን።

ጥያቄ፦ ጣና በዩኔስኮ ተመዝግቦ የለ እንዴ? እኔ ተማሪ ነኝ። ነሐሴ ላይ ዘመድ ጥየቃ ስሄድ ጉማራ ሐይቁ ውስጥ በሚገባበት ቦታ መረብ ሲዘረጋ አይቻለሁ። ዘንድሮም ካየሁ ለማን ልናገር?

መልስ፦ ተመዝግቧል፣ በ2015 የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ። ምዝገባው ግን ነሐሴ ላይ ጉማራ አፍ ላይ ሰው አያቆምም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 (ይሄ ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው) አለ፣ እሱም ከወረዳ ባለሙያ ጀምሮ የሚያስፈጽመው ሰው ይፈልጋል።

መጀመሪያ የአካባቢውን የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ፈልግ። በደንብ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ በክረምት ወንዝ አፍ ላይ በሚዘረጋ መረብ ከሁሉም በፊት የሚከስሩትም እነሱ ናቸው። ከዚያ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄደህ የዓሣ ባለሙያውን ጠይቅ። ባሕር ዳር ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከልም ቀኑንና ቦታውን ብትነግራቸው ይጠቅማቸዋል። ከሰውየው ጋር እዚያው ውሃ ዳር እንዳትጣላ፣ ብዙውን ጊዜ መረቡን የዘረጋው ሌላ ሥራ ያጣ ወጣት ነው። ፎቶ ካነሳህ ፊቱን ተው፣ መረቡንና ወንዙን አንሳ። የመረቡ ቀዳዳ በደንብ እንዲታይ እጅህን አጠገቡ አድርግና አንሳው፣ ቀኑን ጻፍበት። ከተያዘው ዓሣ ውስጥ ሆዱ የተከፈተ ካለ የእንቁላሉንም ፎቶ ጨምርበት።